ሁለት ጥርስ ወደ ቀኝ

ፊርማ በግራ እጅ ይለመዳል? ይለመዳል እንጂ! ባል ከኋላ ቆሞ «ኧረ ይሄ አይመስልም፣ ድገሚው» የሚል ከሆነ ምን የማይለመድ ነገር አለ። ቡሎን ስድስት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ከሥራ በፊት የወንድሟን ሚስት ልትጠይቅ ጎራ ስትል ያገኘችው ይህንን ጉድ ነበር። ሙሽሪት የምግብ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሮ ከአንገቷ በሻሽ ተንጠልጥሏል። በግራዋ እስክሪብቶ ጨብጣ የልጇን የሒሳብ ደብተር የጀርባ ገጽ በፊርማ ሞልታዋለች፤ አንዱ ፊርማ ሽቅብ ወጥቶ፣ አንዱ ቁልቁል ወርዶ፣ አንዱ መሐል ላይ ተበጥሶ። ባሏ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከረባቱን ገና ሳያስር፣ ከወንበሯ ጀርባ ቆሞ መንጃ ፈቃዷን ከደብተሩ ጎን እያስጠጋ ያስተያያል። የባሏ አክስት ሶፋው ላይ ተደላድለው ሻያቸውን እያማሰሉ በዓይናቸው ይከታተላሉ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ይሄዳል።

«ምንድን ነው የምታደርጉት?» አለች ቡሎን በሩ ላይ እንደቆመች።

«ነይ ግቢ፣ እታለም» አለ ወንድሟ ቀና ሳይል። «ትራፊክ ቢሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትፈርማለች። ፊርማዋ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ካልተመሳሰለ ሌላ ጣጣ ነው።»

ሙሽሪት ሲባል አዲስ ሙሽራ እንዳትመስላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖራ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ የባሏ ዘመዶች ዛሬም ሙሽሪት ይሏታል። ማቆላመጫ ነው ይላሉ፤ «ቤቱን ገና አልለመድሽውምና አፍሽን ያዝ አድርጊ» ማለት የሚሆንበት ቀን ግን ይበዛል። ቡሎንም ቢሆን እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ጋራዥ ያወጣላት ነው። አጭር፣ ድፍን፣ አንዴ ከጠበቀች በማንም ጉልበት የማትፈታ ሴት ስለሆነች ነው። ሥራዋ የመኪና መሪ ነው፤ መሪው፣ ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያዘው ብረት፣ እዚያ አካባቢ ያለው ሁሉ። አሥራ ሦስት ዓመት ከመኪና ሥር ተኝታ ኖራለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህንን ሙያ እይዛለሁ ስትል ዘመድ ሁሉ በሳቅ ሲያውካካ፣ የመጀመሪያውን የቁልፍ ሳጥን ገዝቶ እጇ ላይ ያስቀመጠላት ይኸው ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞቱ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ስለዚህ ጋሼ ስትለው ከልቧ ነው። በሌላው ሰው ላይ የምታወርደውን መዓት በእሱ ላይ አውርዳ አታውቅም።

ሙሽሪት የምትፈርመው ወረቀት ከስኳር ማስቀመጫው ሥር ነበር። ቡሎን ሳብ አድርጋ አነበበችው። «እኔ ስሜ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው አሽከርካሪ፣ በዕለቱ የእጅ ስልኬን በመመልከት ላይ ሳለሁ ትኩረቴ በመበተኑ...» ይላል። አጻጻፉ የጋሼ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅ የኖረ ሰው ስለሆነ ጥፋትንም ቢሆን በወግ በማዕረግ ነው የሚጽፈው። ከስምንት ቀን በፊት ሙሽሪት ሰባት ሕፃናት ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ኩርባ ላይ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከግንብ ጋር ተላትማለች። ሕፃናቱ ወርደው ነበርና እግዜር አተረፋቸው። ሕፃናት ማመላለሱን የጀመረችው ገና አምና ነው። ጋሼ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ስለሚሄድ መኪናዋ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቆማ ነበር የምትውለው። ሙሽሪት ስንት ዓመት ለምና፣ አስለምና፣ በመጨረሻ ቁልፉን ተቀብላ፣ በራሷ ላብ ያገኘችው ብቸኛ ሥራ ይህ ነው። አሁን ይህችን ወረቀት ከፈረመች መንጃ ፈቃዷ ለሦስት ዓመት ይያዛል። ከሦስት ዓመት በኋላስ ቢሆን ልጇን የምትሰጣት እናት ከየት ትመጣለች? ስልክ እያየች ከግንብ የተላተመች ሴት!

«ስልክ እያየሽ ነበር እንዴ?» አለቻት ቡሎን።

ሙሽሪት መጀመሪያ ባሏን አየችው፤ ቀጥሎ ደብተሩን። «ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ እትዬ። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት። እኔ አዞርኩት፤ እሷ ግን አልዞረችም። ዝም ብላ ሄደች።»

«ውይ፣ አኩርፋ ነዋ!» አሉ አክስትየው ከሶፋው ላይ። «ዘንድሮ መኪናም እምቢ ማለት ጀመረች በሉኛ!» ብለው ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ ግን አልነበረም።

«ለማንኛውም ተመርምሮ አልቋል» አለ ጋሼ። «መሪው ደህና ነው ተብሎ ተጽፏል። አዞርኩ፣ አልዞረችም እያለች ብትከራከር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ነው። ትፈርማለች፣ ያልቃል። በቃ።»

ይህቺ «በቃ» የምትለዋ ቃል ናት የቡሎንን ደም ያፈላችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰማት ኖራለች። አንዲት ሴት መኪናዋን ይዛ ትመጣና «መሪው ወደ ጎን ይጎትተኛል» ትላለች። አብሯት የመጣው ወንድ፣ ባል ይሁን ወንድም ይሁን የመሥሪያ ቤት ሹፌር፣ ቡሎንን ጠቀስ አድርጎ «አያያዟ ነው» ይላል። መኪናዋ ተነሥታ ስትታይ ታዲያ ከአሥሩ በስምንቱ ሴትየዋ ልክ ሆና ትገኛለች። ሰውየው ዞር ብሎ ይቅርታ ሲላት ግን ቡሎን አንድ ቀን ሰምታ አታውቅም። አሁን ደግሞ በገዛ ወንድሟ ቤት፣ በገዛ ዓይኗ ፊት፣ ሴትዮዋ ያላደረገችውን አደረግኩ እንድትል በግራ እጇ ፊርማ ትለማመዳለች! ኧረ ይሄስ ከልክ አለፈ።

«ቁልፉን ስጠኝ፣ ጋሼ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ላያት ነዋ። ሙያዬ አይደለም እንዴ?»

«አትልፊ። ሥራሽ ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል» አለና ከረባቱን ሊያስር ወደ መስተዋቱ ዞረ። እዚህ ላይ ቡሎንን አንድ ነገር ቆርቆር አደረጋት። መኪናዋ ትንሽ ሲጥ ባለች ቁጥር ስልክ የሚደውልላት ሰው፣ ግንብ ተመትቶ ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ «ነይ እይልኝ» አላላትም። ማፈሩ ይሆናል ብላ አለፈችው። ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ወረቀቱ ላይ ዘጭ አደረገችው፤ ቁልፉን ከበሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ መንጠቅ አድርጋ ወጣች። አክስትየው «ይቺ ልጅ እንደሆነች ወንድ ሆና ነው መፈጠር የነበረባት» ሲሉ ደረጃው ላይ ሰማቻቸው።

የተጋጩ መኪናዎች የሚቆሙበት ግቢ ከትራፊክ ቢሮው ጀርባ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ አቧራ፣ መስተዋቱ የረገፈ ሚኒባስ፣ ወንበሩ ላይ የአንድ እግር ጫማ የቀረበት ታክሲ። በሩ አጠገብ ካለችው ክፍል የሚወጡት መርማሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ቡሎንን ያውቋታል። እሳቸው «ተስተካክላ ትምጣ» ብለው የሚመልሷቸው መኪናዎች ግማሾቹ የሚሄዱት እሷ ዘንድ ነው። «ቡሎን! ምን እግር ጣለሽ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። የመጣችበትን ስትነግራቸው ፋይሉን ገልጠው አሳዩዋት። ፍሬን ደህና። መብራት የቀኙ ተሰብሯል። መሪ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ደህና። ከመሪው ጋር የሚያያዘው የግራው ጎማ ዘንግ በግጭቱ የተሰበረ።

«ሥሯ ገብተው አይተዋታል?»

«ጉልበቴ እሺ አይልም እኮ፣ ልጄ» አሉ፤ ትንሽ አፈር አሉ። «ጎንበስ ብዬ በባትሪ አይቻለሁ። ከፈለግሽ ግቢ፤ እኔም ብማር ደስ ይለኛል።»

የቁልፍ ሳጥኗንና ክሪኳን ከጋራዧ አስመጥታ መኪናዋን አነሣቻት፣ ከሥር ድጋፍ አደረገች፣ ካርቶን አነጠፈችና ገባች። እሷ ከመኪና ሥር ስትገባ ዓለም ጸጥ ይላል፤ ንዴቷም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። ግንቡ መኪናዋን ያገኛት በቀኝ በኩል ነው፤ መብራቱ፣ ኮፈኑ፣ የቀኝ ጉንጯ በሙሉ ድቅቅ ብሏል። በግራ በኩል ጭረት እንኳ የለም። የተሰበረው ዘንግ ግን የግራው ነው። «አባቴ!» አለች ከሥር ሆና፤ «በቀኝ ጎኑ ወድቆ ግራ እግሩ የተሰበረ ሰው አይተው ያውቃሉ?» ዘንጉን ፈታ አወጣችውና ፀሐይ ላይ አየችው። የተሰበረበት ቦታ ግማሹ አዲስ ብር ይመስል ያንጸባርቃል፤ ግማሹ ግን ቡናማ ነው፣ ዝጓል። አዲስ ስብራት በስምንት ቀን እንደዚህ አይዝግም። ብረቱ መጀመሪያ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውኃ እየገባ፣ ሳምንታት ቆይቶ፣ የቀረችው ግማሽ ናት በዚያች ኩርባ ላይ ቀጭ ያለችው። ዘንጉ ራሱ ጎብጧል። የግራው ጎማ ብረትም ጠርዙ ተጨርምቶ፣ በጭርምቱ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። እንግዲህ ከግንቡ በፊት ይህቺ መኪና በግራዋ አንድ ጠንካራ ነገር መትታለች ማለት ነው። ሙሽሪት መሪውን አዙራለች፤ ያዞረችው መሪ ግን ጎማው ጋ አልደረሰም። እውነቷን ነበር የተናገረችው፤ ያውም ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።

ይሁንና አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ዘንግ ከጎበጠ መሪው ይጣመማል። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ይህንን ደግሞ ትናንት መንጃ ፈቃድ የወሰደ ሰው እንኳ ያየዋል። የዚህች መኪና መሪ ግን ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ቡሎን በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠችና መሪውን ጥግ ድረስ ወደ ቀኝ አዙራ፣ ከዚያ ወደ ግራ ጥግ ድረስ እየቆጠረች መለሰችው። ከመሐል ወደ ሁለቱም ጎን እኩል መዞር አለበት፤ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል። በአንዱ በኩል አንድ ተኩል ሞልቶ ተረፈ። በሌላው በኩል ሊሞላ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ደግማ ቆጠረች። ያው ነው።

አሁን ንዴቷ ተራው ደረሰው። መሪ የሚቀመጠው በሌላ፣ አናቱ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ነው። ተነቅሎ፣ አንድ ሁለት ጥርስ ዞር ተደርጎ ቢተከል ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ከሥር ያለው በሽታ ግን እንዳለ ነው። የሚያተኩሰው ሰው ቴርሞሜትሩን በረዶ ውስጥ ነክሮ ዳንኩ እንደማለት ያለ ነገር ነው። ከሙያዋ ውሸቶች ሁሉ ቡሎን እንደዚህ የምትጠላው የለም። እንዲህ ሲያደርግ የያዘችውን ሠራተኛ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮሃበት የዚያኑ ዕለት አባርራዋለች። «ማነው?» ብላ በመዳፏ መሪውን ደበደበችው። «ማነው ይሄን የሠራ ከይሲ? እጁን ይቁረጠውና! ሰው ሊገድል! ሕፃናት ሊፈጅ!» መርማሪው በመስኮቱ በኩል ብቅ አሉ፤ እሷ ግን ካቻቢቴዋን አውጥታ የመሪውን መሐል ክዳን እየፈነቀለች ነበር። ክዳኑ ተነሣ። ከሥሩ መሪውን የያዘው ትልቁ ቡሎን ታየ። አናቱ ላይ ቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል።

ያጠበቀችውን ሁሉ በቢጫ ቀለም ማስመር የእሷ ልማድ ነው፤ ረሳሁ አጠበቅኩ እንዳትል፣ ሌላ ሰው ነካክቶት እንደሆነ እንድታውቅ። በዚህ ከተማ ሌላ የሚያሰምር ጋራዥ አታውቅም።

ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣላት። ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ ቅዳሜ ነበር፣ ልትዘጋ ስትል። ጋሼ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት በኩል «እታለም፣ መሪዋ ትንሽ ጠመመችብኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ነው፣ ቶሎ በይልኝ» አላት። «የገጨኸው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። «ኧረ ምንም!» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን «ውረድ፣ ቁልፉን ስጠኝ፣ ሰኞ ተመለስ» ነበር መልሷ። ጋሼን ግን ምንም አልገጨሁም ካለ በኋላ መኪናውን አንሥቶ ሥሩን መፈተሽ፣ ያሳደገ ወንድምን ትዋሻለህ ማለት ሆነባት። አፈረች። አይ እፍረት! መሪውን ነቀለች፣ ሁለት ጥርስ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ተከለች፣ አጠበቀች፣ ቢጫዋን አሰመረች። አሥር ደቂቃ። ጋሼ ግንባሯን ስሟት ሄደ። ሌላ ሰው ሲሠራው ሌብነት የምትለውን ነገር ለወንድሟ ስትሠራው ሥራ እንኳ አልመሰላትም፤ ለዚህ ነው ከራሷ የጠፋው።

ቡሎን እዚያው በሹፌሩ ወንበር ላይ ድርቅ ብላ ቀረች። ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አለ፣ ቤንዚን ሳጥኗ ውስጥ አለ፤ ቀለሙን ለመጥረግ ከደቂቃ በላይ አይፈጅም። እውነቱን እንናገር፣ ጨርቁን በእጇ ጨምድዳ ይዛው ነበር። ከዚያ ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ቅዳሜ እስከ ግጭቱ ድረስ ወደ ሠላሳ የትምህርት ቀን ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ። ሰባት ሕፃናት። ጎማው በዚያች በተሰነጠቀች ብረት ተንጠልጥሎ።

«ምን አገኘሽ?» አሉ መርማሪው።

«አንድ ጋራዥ እንደዚህ መሪ ነቅሎ ተክሎ ቢገኝ ምን ይሆናል፣ አባቴ?»

«ይታሸጋል። ሰው ተጎድቶበት ከሆነማ ፈቃዱም ይነጠቃል፣ ክስም አለው። ምነው፣ የማን እንደሆነ አወቅሽው?»

«አወቅኩት» አለች። እሳቸውም ፊቷን አይተው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ቡሎን ሥራዋን ትታ እዚያው ግቢ ውስጥ ዋለች። ጋሼ ሚስቱን ይዞ የመጣው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ሙሽሪትን ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጧት ብቻውን ወደ ግቢው ዘለቀ። የተነሣችውን መኪና፣ መሬት ላይ የተኛውን ዘንግ፣ የተከፈተውን የመሪ ክዳን ተራ በተራ አየ። ቆመ።

«አትልፊ ብዬሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን ነበር የገጨኸው?»

ወንድሟ ከረባቱን ነካካ። ግቢው ውስጥ ማንም እንደሌለ ዞር ብሎ አየ። «የመንገዱን አካፋይ። ስልክ ሳናግር ሳላየው ወጣሁበት።»

«ስልኩም ያንተ ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ እንኳ ያንተ ነው? ጥፋት ፈጥረህ ልትጽፍላት እንኳ አቅቶህ የራስህን ነው የገለበጥክላት?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ለምን ጉድጓድ ነው አልከኝ?»

«አፈርኩሽ። አንቺ በመሪ ነገር የማትቀልጂ ሰው ነሽ፤ ስልክ እያናገርክ ትነዳለህ ብለሽ ስትቆጪኝ ታየኝ። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር፣ እታለም። እግዜር ያሳይሽ፣ የሚሰበር ነገር አልመሰለኝም። ግጭቱ በደረሰ ማግስት ነው የገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ መጀመሪያ የታየኝ ያንቺ ጋራዥ ነው። ያንቺ እጅ አለበት። ይዘጉብሻል። ለእሷ የሦስት ዓመት መንጃ ፈቃድ ነው፤ እኔ አለሁላት፣ አትራብም። ላንቺ ግን ኑሮሽ ነው። አመዛዘንኩት።»

በጣም የከፋው ነገር፣ ከፊሉ እውነት መሆኑ ነበር። ይህ ሰው ይወዳታል፤ ስለ እሷ ሲል ብዙ ነገር አድርጓል፤ ይህንንም ስለ እሷ ሲል ያደርገዋል። ደግሞም ራሱን ያተርፍበታል። ሁለቱ አንድ ላይ ተገምደው የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱም ራሱ የሚያውቀው አይመስልም። ቡሎን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ሳትል ተናገረችው። «ማን አመዛዝን አለህ? እኔ ለምኜሃለሁ? ሚስትህን ሸጠህ ግዛኝ ብዬሃለሁ? ስምንት ቀን ሙሉ ያቺ ሴት እጇን እያየች 'አዞርኩት' ስትል አጠገቧ ተኝተህ ታድራለህ! እኔም አንተን አክብሬ ነው ሳላይ የሠራሁት! ያከበርኩህ ለዚህ ነው?» የግቢው ጥበቃ ከበሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ቡሎን ዘንጉን ከመሬት አንሥታ ወደ ቢሮው አመራች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያው የተከመረ ፋይል፣ ግድግዳው ላይ ካለፈው ወር ጀምሮ ያልተገለጠ የቀን መቁጠሪያ። ሙሽሪት ተጠርታ ገብታ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ፊቷ ተዘርግቶ እስክሪብቶው በግራ ጣቶቿ መሐል ነው። ቡሎን የተሰበረውን ብረት ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ነው የተሰበረው፤ የተሰነጠቀው ከግጭቱ በፊት ነው» አለች። «ባልሽ ከሰባት ሳምንት በፊት አካፋይ ገጭቶ አጉብጦታል። መሪው ሲጣመም እኔ ጋ አመጣት። ሥሯን ሳላይ መሪውን ብቻ ነቅዬ ቀጥ አድርጌ ተከልኩት። አንቺ ያላየሽው እኔ ስለሸፈንኩት ነው።»

ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ የቀን መቁጠሪያውን ያያል። ሙሽሪት ብረቱን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ የዛገውን፣ ከዚያም የሚያንጸባርቀውን።

«ስለዚህ አዙሬው ነበር?» አለች።

«አዙረሽው ነበር።»

«ወደ ግራ?»

«ወደ ግራ። በሰዓቱ ነው ያዞርሽው። ምንም አልሳትሽም።»

«እኔ እኮ...» አለች። «እኔ እኮ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ምናልባት አዞርኩ ያልኩት ሳላዞር ይሆናል እያልኩ። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ አዞራለሁ።» ዞር ብላ ባሏን አየችው። ጠበቀችው። አንድ ቃል እስኪወጣው ጠበቀችው። ሲያቅተው ወደ መርማሪው ዞረችና «አባቴ፣ ሌላ ወረቀት ይስጡኝ። እኔ የምለውን ይጻፉልኝ» አለች። ድምፅዋ አልወረደም። አሥራ አንድ ዓመት ስትሰማት የኖረችው ቡሎን እንኳ ይህንን ድምፅ አታውቀውም።

መርማሪው የሙሽሪትን ቃል ጻፉ። ለጋሼ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ መጥሪያ ጻፉ። የራሳቸውን የቀድሞ ምርመራ በቀይ ሰርዘው ፈረሙበት፤ ይህንንም ሲያደርጉ ጉልበታቸውን አሹ። ወደ ቡሎን ሲደርሱ እስክሪብቶውን አቆሙት። «ልጄ፣ የጋራዡን ስም ከጻፍኩ በኋላ መመለሻ የለውም። አስበሽበታል?»

«ይጻፉ» አለች። ስሙን፣ የፈቃዱን ቁጥር፣ ቅዳሜውን፣ ሁለቱን ጥርስ፣ ቢጫውን ቀለም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሠራተኞቿ ሁለት ናቸው፤ ነገ ጠዋት ምን ብላ እንደምትነግራቸው አላወቀችም። ፈረመችና እስክሪብቶውን መለሰችላቸው።

ውጪ ፀሐዩ ገና አናት ይበሳል። ጋሼ ታክሲ አስቁሞ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሙሽሪት እንዳላየችው ሆና አለፈችውና የአውቶቡስ ማቆሚያውን አቅጣጫ ያዘች። ቡሎን ሮጣ ደረሰችባት።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «በእግዜር፣ ይቅር በይኝ።»

ሙሽሪት ቆመች። ጄሶውን በደህናው እጇ ደገፍ አደረገች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ዕንባ ግን የለበትም።

«ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ስቀበል» አለች፣ «እናቶቻቸው 'አደራ፣ መኪናዋ ደህና ናት?' ይሉኝ ነበር። በየቀኑ ነው የሚሉኝ። እኔ ምን እላቸው ነበር መሰለሽ? 'አታስቡ፣ የምታይልኝ የባሌ እህት ናት' ነበር የምላቸው። በዚያ ቤት የምኮራበት ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ቡሎን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ሙሽሪት አንድ እርምጃ ራቀች።

«ይቅርታሽን ሌላ ቀን አምጪው፤ እሰማሻለሁ። ዛሬ ግን ተይኝ። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተናድጄ አላውቅም፤ አልተፈቀደልኝም። ዛሬ ልናደድበት።»

«ተናደጂ» አለች ቡሎን።

ሙሽሪት መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ጋሼ ከታክሲው ጎን ሆኖ ሁለቴ ጠራት፤ አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈረች፣ በሩ ተዘጋ። ቡሎን እዚያው ቆማ ቀረች። ወደ ጋራዧ መሄድ ነበረባት፤ ማሸጊያውን ይዘው የሚመጡት ሰዎች ከመድረሳቸው በፊት የሰው መኪናዎችን ማውጣት ነበረባት።